የጦር ጉዳተኛ ደጅ እንዳይጠና

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ እንደሚነበበው፥ ንጉሥ ዳዊት መንግሥቱ ከጸናለት በኋላ ከሳኦል ቤት የተረፈ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሲባ የሚባል አገልጋይም የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በሎዶባር በሰው ቤት ተጠግቶ እንደሚኖር፥ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ እንደ ሆኑ ነገረው። ንጉሡ ሽባው ሰው መጥቶ እስኪለምነው ድረስ አልጠበቀም፤ ልኮ አስመጣው፥ የአባቱንም ርስት መለሰለት፥ በማዕዱም አስቀመጠው። ይህ ታሪክ በተነበበ ጊዜ ሁሉ ሰው የንጉሡን ቸርነት ያደንቃል። ነገር ግን ከቸርነቱ ሌላ ልብ ሊሉት የሚገባ ሥርዓት አለበት፤ ይኸውም ባለ ዕዳው ባለ መብቱን ፈልጎ ማግኘት እንደሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ ግን አካሉ ለጐደለ ወታደር የሚሰጠው ርዳታ ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው። እግሩን ወይም እጁን ወይም ዓይኑን በጦር ሜዳ ያጣ ሰው መብቱን ለማግኘት ራሱ መፈለግ፥ ራሱ ማስረዳት፥ ራሱ መመላለስ አለበት። ሕጉ መብት ይሰጠዋል፤ ወደ ሕጉ የሚያደርሰው መንገድ ግን ለጤነኛ ሰው የተጠረገ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከርዳታው ተለይቶ የሚቀረው መብት የሌለው ሰው ሳይሆን፥ ማመልከቻ የሚጽፍለትና ከደጁ የሚያደርሰው ወገን ያጣ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም እሑዶች አንዱን በስሙ የምትጠራለት መፃጉዕ፥ 38 ዓመት በደዌ ሲማቅቅ የኖረው የሚያድነው ውሃ ጠፍቶ አልነበረም፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያገባው ሰው ስላጣ ነው።

ይህ ጉዳይ በመቀሌ ከተማ ይልቁንም ጎልቶ ይታያል። መቀሌ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻ ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ የጦር ድምፅ ስትሰማ የኖረች ከተማ ናት። በጥር ወር 1888 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሠራዊት በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረውን የኢጣልያን ጦር ከቦ ያስለቀቀው በዚችው ከተማ ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም የማይጨው ጦርነት የተደረገውም ከመቀሌ በስተ ደቡብ ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም የቆየው የትጥቅ ትግል፥ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም ከኤርትራ ጋራ የተደረገው ጦርነት፥ ኋላም ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነት፥ ሁሉም በየተራው አካላቸው የጐደለ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። ስለዚህ በመቀሌ የአንድ ቤተ ሰብ አያት፥ አባትና ልጅ በሦስት ልዩ ልዩ ጦርነት ቈስለው በአንድ ጣራ ሥር ቢኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም። የትግራይ ጦር ጉዳተኞች ማኅበር በዚሁ ከተማ ተቋቁሞ መሥራቱ፥ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍም ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራበት ማዕከል በመቀሌ መኖሩ የችግሩን ስፋት ይመሰክራል።

እነዚህ ሰዎች በቁስላቸው ቢመሳሰሉም በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የችግሩም ሥር እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ወገን በመከላከያ ሠራዊት ደመወዝ እየተከፈለው ያገለገለ ወታደር ነው። የዚህ ሰው መብት በጡረታ ሕግ የተወሰነ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣ ጀምሮ ሲቪል ሠራተኛውም ወታደሩም በአንድ ሕግ ሥር ሲተዳደሩ ኖረዋል። ሕጉ በየጊዜው ሲሻሻል ቆይቶ በ2003 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 714፥ በ2014 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 ወጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ለመሥራት ለማይችል ሰው የሚታሰበው አበል ከጉዳቱ በፊት ይከፈለው ከነበረው የወር ደመወዝ 47 ከመቶ ነበር። አበሉ እንዲወሰን ሥልጣን ያለው የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን መርምሮ ማረጋገጥ አለበት፤ የአገልግሎቱ ዘመንና ደመወዙም ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ መቅረብ አለበት። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ማመልከት ይችላል።

ሁለተኛው ወገን ደመወዝ ሳይቈረጥለት የተዋጋና የጡረታ መዋጮ ያልከፈለ የቀድሞ ተዋጊ ነው። ይህ ሰው በጡረታው አዋጅ ውስጥ ስፍራ የለውም። ለእርሱ የተከፈተው በር በፕሪቶርያ ስምምነት መሠረት ትጥቅ ማስፈታትን፥ ከሠራዊት ማሰናበትንና መልሶ ማቋቋምን እንዲያከናውን በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በመላው ኢትዮጵያ ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዕቅድ አውጥቷል፤ በትግራይም 75,000 ያህሉን በመጀመሪያው ዙር ለማሰናበት አስቦ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም ሥራውን ጀምሯል። መልሶ ማቋቋሚያ ግን አንድ ጊዜ የሚሰጥ መነሻ ነው፤ ጡረታ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚከፈል ነው። ጤነኛው ሰው በመነሻው ገንዘብ ነግዶ ወይም አርሶ ራሱን ሊችል ይችላል። ሁለት ዓይኑን ላጣ ሰው ወይም ከወገቡ በታች ለማይንቀሳቀስ ሰው ግን የአንድ ጊዜ ስጦታ የአንድ ዓመት ቀለብ ከመሆን አያልፍም።

ሦስተኛው ወገን ባለፉት መንግሥታት ዘመን ያገለገለ ሽማግሌ ነው። የዚህ ሰው መዝገብ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘዋውሯል፤ ያገለገለበት ክፍል ፈርሷል፤ የሚያውቁት አለቆቹም አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።

እንግዲህ ከአድዋ ወይም ከአዲግራት ወረዳዎች ተነሥቶ በክራንች ወደ መቀሌ የሚመጣ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ከየትኛው እንደ ሆነ በምን ያውቃል? የጡረታውን ደጅ ሲመታ ወደ ኮሚሽኑ ሂድ ይባላል፤ ወደ ኮሚሽኑ ሲሄድ የሠራዊቱን ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ማስረጃውን ሲጠይቅ የሆስፒታል ወረቀት ይታዘዛል፤ ሆስፒታሉም በመጀመሪያ የቈሰልህበትን ቀንና ያከመህን ክፍል የሚገልጽ ደብዳቤ አቅርብ ይለዋል። እያንዳንዱ ጸሐፊ በየበኩሉ ደንቡን ፈጽሟል፤ ማንም አልበደለውም፤ ሰውየው ግን ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመልሷል። ለመኪና የከፈለውም የተበደረው ገንዘብ ነው።

በዚህ ላይ የወረቀቱ መጥፋት ተጨምሯል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው የርዳታ ድርጅት በ2013 ዓ.ም ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ማለቂያ በትግራይ ከጐበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 ከመቶ የሚሆኑት ተዘርፈው፥ በደንብ የሚሠሩትም 13 ከመቶ ብቻ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጧል። መድኃኒቱና አልጋው በተዘረፈበት ቤት የበሽተኞች መዝገብ በሰላም ተቀምጦ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም ጀምሮም በትግራይ ባንክና ስልክ ተዘግተው ከአንድ ዓመት በላይ ስለ ቆዩ፥ አስቀድሞ አበል ይቀበል የነበረው ጉዳተኛ እንኳ የባንክ ደብተሩን ይዞ ሳይከፈለው ከርሟል። በጦርነት ምክንያት የጠፋን ወረቀት በጦርነት ከቈሰለ ሰው መጠየቅ፥ ቤቱ ከተቃጠለበት ሰው የቤቱን ቁልፍ እንደ መጠየቅ ነው።

ወረቀት የጠፋበት ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ ሌሎች መንግሥታት እንዲህ ያለ ነገር በደረሰባቸው ጊዜ ያደረጉትን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1973 ዓ.ም በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ የሚጠበቅበት ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የአገልግሎት ማኅደር ጠፋ። መንግሥቱ ወረቀታችሁ ስለ ተቃጠለ መብታችሁም ተቃጥሏል አላላቸውም። የደመወዝ መክፈያ መዝገብ፥ የሆስፒታል መግቢያ ደብተር፥ አብረው የዘመቱ ጓደኞች በመሐላ የሰጡት ቃል፥ በዘመቻው ጊዜ ወደ ቤት የተላከ ደብዳቤና ፎቶግራፍ በማስረጃነት እንዲቀርቡ ፈቀደ። የፈረንሳይም መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንጆች መጋቢት 31 ቀን 1919 ዓ.ም ባወጣው ሕግ፥ በአገልግሎቱ ጊዜ የታየ ቁስልና ሕመም ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ እንዲገመት አዘዘ። ከዚያ በፊት ወታደሩ ቁስሉ ከጦሩ እንደ መጣ ያስረዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከጦሩ አልመጣም የሚለው መንግሥት እንዲያስረዳ ሆነ። ይህ አንድ አንቀጽ የማስረዳትን ሸክም ከደካማው ትከሻ አንሥቶ ጽሕፈት ቤትና መዝገብ ባለው ወገን ላይ አኖረው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሥራ ምሳሌ አለ። በቀድሞ ዘመን የዘመተ ሰው ድካሙ የሚታሰብለት በመሬት ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም ነፃነት በኋላም ለአርበኞችና ለስደተኞች፥ ለሞቱትም ቤተ ሰቦች ጋሻ መሬት ተሰጥቷል። በሰኔ ወር 1983 ዓ.ም ደግሞ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠርቶ፥ ከ450,000 በላይ የሚሆኑ ወታደሮችን ከየካምፑ ወደየአገራቸው መልሷል። ይህ ሁሉ የተደረገው ከኮምፒዩተርና ከእጅ ስልክ በፊት፥ ግምጃ ቤቱም በተራቈተበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መዝጋቢው ወታደሩ ወዳለበት ሄዶ መዘገበ እንጂ እያንዳንዱ ወታደር መዝጋቢውን ፍለጋ አልተንከራተተም። ከኤርትራ ጋራ ከተደረገው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ብድር የተሰናባቾች ማቋቋሚያ ሥራ ተሠርቷል። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው አገሪቱ ስትሠራበት የኖረችውን ልማድ ማጽናት ብቻ ነው።

ወደ መቀሌ ስንመለከት መደረግ የሚችለው የታወቀና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በመጀመሪያ በከተማው በምድር ቤት የሚገኝ፥ ደረጃ የሌለበት አንድ የጉዳተኞች ማመልከቻ ክፍል ቢከፈትና የጡረታው መሥሪያ ቤት፥ የተሐድሶው ኮሚሽን፥ የመከላከያ ሠራዊትና የጤና ቢሮ እያንዳንዳቸው አንድ ጸሐፊ ቢያስቀምጡበት፥ ባለ ጉዳዩ አራት ደጅ መምታቱ ይቀርና አራቱ ጸሐፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይነጋገራሉ። ጉዳተኛው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መወሰን የእርሱ ሥራ አይደለም፤ የእነርሱ ሥራ ነው። ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አስቀድሞ አዝዟልና ስለ ደረጃው አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ ማመልከቻውን የሚጽፈው ጸሐፊው ይሁን፤ ባለ ጉዳዩ በቃሉ ይናገር። የጽሑፉም ቃል በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት። ከዚያም የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው። ደረሰኝ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ወረቀትህ አልደረሰንም የሚለውን መልስ የምታስቀር እርስዋ ናት። ማመልከቻው ያልተፈቀደለትም ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ማግኘት፥ ይግባኝ የሚልበትንም ስፍራና ጊዜ በዚያው ወረቀት ላይ ማንበብ አለበት። ምክንያቱ ያልተጻፈ እምቢታ ይግባኝ ሊባልበት ስለማይቻል የይግባኙን ጉባኤ ከንቱ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፥ የሕክምናው ቦርድ በዓመት በተወሰኑ ቀኖች ወደ አዲግራት፥ ወደ አክሱም፥ ወደ ሽሬና ወደ ማይጨው ይውረድ። አራት ሐኪሞች በአንድ መኪና ተጉዘው መቶ ጉዳተኛ ቢያዩ፥ መቶ ጉዳተኛ ከነደጋፊው ወደ መቀሌ ከሚመጣ ይልቅ ለአገሪቱ ወጪው ያነሰ ነው። ቦርዱም የሚታየውን ቁስል ብቻ መመርመር የለበትም። በመድፍ ድምፅ ጆሮው የደነቈረ፥ በራሱ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ የሚያንዘፈዝፈው፥ ሌሊት በቅዠት የሚጮህና ከሰው የተለየ ሰው አለ። እግሩ የተቈረጠው ሰው ሲያልፍ ሁሉ ያዝንለታል፤ ይህ ግን ጤነኛ መስሎ ስለሚታይ ሰነፍ ወይም ሰካራም ይባላል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ይህን ደዌ የጦር ቁስል አድርገው መመርመር ጀምረዋልና፥ የኢትዮጵያ የሕክምና ቦርድም በቅጹ ላይ የተለየ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። ሴቶች ተዋጊዎችም በብዛት እንደ ነበሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ከቦርዱ አባላት ሴት ሐኪም ብትገኝ በወንድ ፊት የማይነገረው ጉዳት ይነገራል።

አራተኛ፥ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው በምስክር ይረዳ። አብረውት ያገለገሉ ሦስት ሰዎች በመሐላ የሰጡት ቃል፥ የሐኪም የጠባሳ ምርመራና የወረዳው ማረጋገጫ በአንድነት ሲቀርቡ እንደ በቂ ማስረጃ እንዲቈጠሩ መመሪያ ይውጣ። መመሪያው በጽሑፍ ከሌለ ደግ ጸሐፊ ይፈቅዳል፥ ፈሪ ጸሐፊ ይከለክላል፤ መብትም በጸሐፊው ጠባይ ላይ ይንጠለጠላል።

እዚህ ላይ ስለ ደላሎች መናገር ያስፈልጋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ መንገዱ በጠበበበት ስፍራ ሁሉ መንገድ አውቃለሁ የሚል ሰው ይቆማል። የውዝፍ አበሉን እኩሌታ ካልሰጠኸኝ ብሎ ከጉዳተኛ ጋራ የሚዋዋል ሰው ሥራው ከዝርፊያ አይለይም። ከላይ የተነሣው ሲባ ንጉሡን ወደ ሽባው ያመለከተ ሰው ነበር፤ ኋላ ግን ጌታውን በሐሰት ከስሶ ርስቱን ለራሱ አስፈረደ። ሜምፊቦስቴም አህያ ጭኖ ወደ ንጉሡ ሄዶ ነገሩን እንዳያስረዳ ያገደው ሽባነቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ በፈረንጆች 1862 ዓ.ም የጉዳተኞችን ጡረታ ሲያውጅ፥ ማመልከቻ የሚጽፍ ጉዳይ ፈጻሚ ከ5 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ከለከለ፤ ይህም ገንዘብ በሁለተኛው ዓመት 10 ዶላር ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። ዛሬም በዚያ አገር በየአውራጃው የቀድሞ ወታደሮችን ማመልከቻ ያለ ዋጋ የሚያዘጋጁ ሹማምንት አሉ። ክልከላ ብቻውን ደላላን አያጠፋም፤ ደላላ የሚጠፋው እርሱ በገንዘብ የሚሸጠውን ነገር መንግሥት በነጻ ሲሰጥ ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። በገጠር ማን ዘምቶ ማን እንደ ተመለሰ፥ ማን በቤቱ ተኝቶ እንደ ቀረ ከንስሐ አባቱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። የክርስትና መዝገብ የዕድሜ ማስረጃ ይሆናል፤ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ለባልቴቲቱና ለልጆቹ መብት ይረዳል። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ቦርዱ የሚመጣበትን ቀን ቢያስታውቅ፥ ቤት ለቤት የተኛውን ጉዳተኛ ስም ጽፎ ለወረዳው ቢሰጥ፥ ማንበብ የማይችለውን ሰው ወረቀት ቢያነብለት፥ ይህ ከምጽዋት የሚበልጥ ምጽዋት ነው። በመስጊድ ያሉ ሼኾችም እንዲሁ ቢያደርጉ ማንም ሳይቀር ይዳረሳል። ምጽዋት የዕለት እንጀራ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ግን በትክክል ከተጻፈ የዕድሜ ልክ እንጀራ ያስገኛል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው፥ ማስረጃው ከቀለለ ያልቈሰለው ሁሉ ቈስያለሁ ይላል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠብቅ ሹም ሊያስብበት ይገባል። ነገር ግን አጭበርባሪን የሚይዘው የወረቀት ብዛት አይደለም። አጭበርባሪ ጤነኛ ስለ ሆነ ይመላለሳል፥ ገንዘብ ስላለው ማኅተም ይገዛል፤ በወረቀት ብዛት ተሸንፎ የሚቀረው እውነተኛው ጉዳተኛ ነው። የተመዘገበው ሰው ስም በሚኖርበት ጣቢያ ለ30 ቀን ቢለጠፍና ጎረቤቱ ተቃውሞ እንዲያቀርብ ቢፈቀድ፥ በሐሰት የመሰከረም በሕግ ቢቀጣ፥ ውሸት በአደባባይ ብዙ ቀን አይቆምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግምጃ ቤቱ ማነስ ነው። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት ተቀብላለች። አቅም በፈቀደ መጠን የሚለው ቃል እውነተኛ ወሰን ነው። ዳሩ ግን ባለ መብቱ በደጅ ጥናት ተሰላችቶ እንዲቀር ማድረግ ቍጠባ ሊባል አይገባውም። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ መንግሥት ቍጥሩን ዐውቆ፥ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያለበትን አስቀድሞ፥ የቀረውን በተራ እንደሚያደርስ በግልጥ መናገር ይችላል። ተራውን የሚያውቅ ሰው ይታገሣል፤ ተራ መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ግን ተስፋ ይቈርጣል። ቍጥሩም ሊታወቅ የሚችለው ሁሉም ማመልከት ሲችል ነው።

ይልቁንም የሁለተኛው ወገን ጉዳይ በሕግ ሳይታይ ሊቀር አይገባም። ከተዋጊዎቹ መካከል ሥራ ለመሥራት ፈጽሞ የማይችሉት ሁሉን የሚያህሉ አይደሉም። ለእነዚህ ብቻ ከመልሶ ማቋቋሚያው መነሻ ሌላ በየወሩ የሚከፈል የተወሰነ ድጋፍና የዕድሜ ልክ ሕክምና በሕግ ቢደነገግ፥ በጡረታው አዋጅና በኮሚሽኑ መካከል ያለው ክፍተት ይዘጋል። ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ የተቈረጠው ስፍራ መጠኑ ስለሚለወጥ፥ እግሩም ስለሚያረጅ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። በ20 ዓመቱ የተቈረጠ ወጣት እስከ 60 ዓመቱ ቢኖር ከአሥር ጊዜ የማያንስ ይለውጣል። ይህን ወጪ ከአሁን ጀምሮ በበጀት ያላሰበ መሥሪያ ቤት ጉዳተኛውን ሁለተኛ ጊዜ ከመንገድ ያስቀረዋል።

በመጨረሻም ማን በየትኛው ወገን ተሰልፎ ነበር የሚለው ጥያቄ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ስፍራ ሊያገኝ አይገባም። ሕጉ አበሉን እንደ አገልግሎቱ ይለያይ ይሆናል፤ ምርመራውና ማመልከቻ ለመጻፍ የሚሰጠው ርዳታ ግን ለሁሉ እኩል መሆን ይችላል። በሰሜን ዕዝ ያገለገለው ወታደርና ከእርሱ ፊት ለፊት የተሰለፈው ተዋጊ በመቀሌ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ቢታዩ፥ በፕሪቶርያ የተፈረመው ሰላም በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ ያስረዳል። ሹማምንት ይህን ክፍል ለመክፈት የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ጸሐፊዎች፥ አንድ መኪናና አንድ መመሪያ ነው። ካህናትም የሚጠበቅባቸው በየደብራቸው የተኛውን ጉዳተኛ ስም መጻፍ ነው። ሁለቱ ከተባበሩ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት መዝገቡ ሊሞላ፥ የመጀመሪያውም ቦርድ ሊቀመጥ ይችላል።